የጀርመን ሥራ፣ የማንኩሳ ዋስ

ፍኖተ ሰላም ለምን እንደምሄድ ሲጠይቁኝ «ለጀርመኖች ሠራተኛ ልቀጥር» ስል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዷማ «ጀርመን በዚያ በኩል ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የምሠራበት ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክፍል የተከራየ ትንሽ ቢሮ ነው። እዚህ አገር ቅርንጫፍ የሌለው የውጭ ኩባንያ ኢትዮጵያዊ መቅጠር ሲፈልግ በእኛ በኩል ይቀጥራል። ሥራውን የሚያዝዘው እሱ ነው። በአገራችን ሕግ አሠሪ ተብለን የምንፈርመው፣ ደመወዝ የምንከፍለው፣ ግብርና ጡረታ የምንቆርጠው፣ ሠራተኛው ቢበደል የምንከሰሰው ግን እኛ ነን። እናቴ ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ «እንግዲህ በሰው ሠርግ ሚዜ ናችሁ» ብላ ዘጋችው።

የዚህ ጊዜዋ ሙሽራ አትጠገብ አለኸኝ ትባላለች። ሲቪል መሐንዲስ ናት። ጀርመን አገር ያለ አንድ የድልድይ ነዳፊዎች ቢሮ ፍኖተ ሰላም ከተከራየችው ክፍል ሆና በቁርጥ ሥራ ለወራት ሲያሠራት ቆይቶ አሁን በቋሚነት ፈለጋት። ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነው። ሁሉን ከጨረስን በኋላ ግን እንዲህ የሚል መልእክት ላከችልኝ፦ «እኔ ዝግጁ ነኝ። አባቴ ግን የቀጣሪ ሰው ዐይኑን ካላየሁ አሉ። እሳቸው ሳይመርቁኝ አልፈርምም።» ጀርመኖቹ ደግሞ ውሉ እስከ አርብ ማታ ካልተዘጋ ቦታውን ለሁለተኛው ተወዳዳሪ እንደሚሰጡ ጽፈዋል። አለቃዬ በስልክ አስረጃቸው አለኝ። እኔ የሷን አዲስ ኮምፒውተር በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ዓባይን መሻገር

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ ገና ሳይነጋ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልጫነው ብሎ ታገለኝ። የሰው እንጀራ ነው ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጎሃ ጽዮን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፤ ተሳፋሪውም ወሬውን። አስፋልቱ መሬቱ እየተንሸራተተ ተሸብሽቧል፤ ሽቅብ የሚወጡት ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ያልፉናል። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀን። ዓባይን ስንሻገር ሁሉም እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ውኃው አሰገገ። እኔ ግን የድልድይ ነዳፊ ልቀጥር እየሄድኩ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃውን ትቼ ድልድዩን አየሁ።

ምሳ ደጀን ላይ ሽሮ በላሁ፤ ሁለት መቶ ብር። ይህማ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው ስላት አስተናጋጇ «በርበሬው ግን የጎጃም ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ከንፈሬን አቃጥሎኛል።

ደምበጫ ከመድረሳችን በፊት ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ወጣት ቦርሳዬን ከፍቶ ሁለት ኮምፒውተር ሲያይ አንዱ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለአዲስ ሠራተኛ ነው አልኩት። መሥሪያ ቤቱ የት ነው? ጀርመን። ሠራተኛዋስ? ፍኖተ ሰላም። ቦርሳውን በጥንቃቄ ዘግቶ መለሰልኝ፤ ለሱ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዳለም ጠየቀኝ። ድልድይ መንደፍ ይችል እንደሆነ ብጠይቀው ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አዝመራ ነው። በቆሎው ታጭዶ ተከምሯል፤ ከየቤቱ ደጅ ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ቀልቷል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ያም ሆኖ ይህን መሬት ሳይ ያለ ምክንያት ደረቴ ይነፋል።

ፍኖተ ሰላም

አትጠገብ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ቃል ሳትጨርስ ሌላ ቃል የምትጀምር ልጅ ናት። ቦርሳውን ነጥቃኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ክፍሏ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ አላት። ግድግዳው ግን በንድፍ ወረቀት ተሞልቷል። ጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበት ትልቅ ባትሪ አለ። መብራት ሲጠፋ ጀርመኖቹ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኧረ በጭራሽ» አለችኝ ኮራ ብላ፤ «የነሱ ኢንተርኔት ነው የሚቆራረጠው።»

አንዱን ንድፍ አሳየችኝ። ለእግረኛ የሚሠራ ድልድይ ነው። ብረቱ የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚደራረብ አንድ በአንድ የሣለችው እሷ ናት። ወንዙን አይታው ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት በስም ብቻ እንደምታውቀው ነገረችኝ። የሌላ አገር ሰው ሳያውቃት በሷ ብረት ላይ ይሻገራል። ኮራሁባት፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ስለ አባቷ ስናነሣ ግን ፍጥነቷ ቀነሰ። አቶ አለኸኝ ማንኩሳ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እሷን ለማስተማር ጥማድ በሬ ሸጠዋል። የእህታቸው ልጅ ግን ዐረብ አገር ሄዳ ተጎድታ ከተመለሰች ወዲህ «የውጭ አገር ሥራ» የሚለውን ቃል መስማት አይወዱም። አትጠገብ ዕድሜዋ ለመፈረም በቂ ነው፤ ማንም አይከለክላትም። እሷ ግን ያለሳቸው ምርቃት ብሠራው ሥራው አይባረክልኝም ብላ ቆረጠች።

አርብ፣ ማንኩሳና ቡሬ

ጠዋት በሚኒባስ ማንኩሳ ወርደን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በእግር ገባን። ቤት ስንደርስ አቶ አለኸኝ የሉም። እናቷ በቅል እርጎ እየቀዱልኝ በርበሬ ለነጋዴ ሊያስረክቡ ሌሊቱን ቡሬ እንደሄዱ ነገሩን። እንደምንመጣ እያወቁ ነው የሄዱት። እናቷ ይህን በቀጥታ አላሉትም፤ «በርበሬው ዛሬ ባይሄድም ይችል ነበር» ብቻ አሉ። እስከ ማታ ስንት ሰዓት እንደቀረን በልቤ እያሰላሁ እርጎውን ጨልጬ ተነሣሁ።

ቡሬ ገብተን የነጋዴውን መጋዘን ያገኘነው በአፍንጫችን ነው። በሩ ላይ ሳልደርስ ማስነጠስ ጀመርኩ። አቶ አለኸኝ ረጅም፣ ሽበታም፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ያሸረጡ ሰው ናቸው። አትጠገብ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም ራሷን ዳሰሷት። ወደ እኔ ዞረው ግን ጫማዬን፣ ቦርሳዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«የእህቴን ልጅ የወሰደቻትም እንዳንች ያለች ደርባባ ሴት ነበረች» አሉኝ። «ወረቀትም ይዛ ነበር። ቢሮ ነው ያለችው የሰው ቤት ሆኖ ተገኘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኩም። አትጠገብ የትም እንደማትሄድ፣ ፓስፖርት እንኳን እንደማያስፈልጋት፣ ከክፍሏ ሆና እንደምትሠራ አስረዳኋቸው። የማይሄዱበት የውጭ አገር ሥራ ደግሞ ምን ዓይነት ነው ብለው ነጋዴውን አሳቁብኝ። ቀጥለው ጌታዋ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። በሥራ እነሱ፣ በሕግ እኛ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ደላላ ደላላ ሸተተኝ።

«ለአፍማ ዳገት የለውም» አሉ። «የኔታ ባሉበት ዋስ ትጠሪያለሽ። ዋስ ከጠራሽ እመርቃታለሁ። ካልጠራሽ መንገድሽን ጨርቅ ያርግልሽ።»

በሥራዬ ከጥበቃ እስከ ገንዘብ ያዥ ስንቱን ሰው ዋስ አምጣ ብያለሁ። ቀጣሪን ዋስ ጥራ ያለ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ልስቅ ቃጣኝ፤ ወዲያው ደግሞ ምነው እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀን አልኩ። በርበሬውን ያመጣው አይሱዙ ባዶውን ወደ ማንኩሳ ሊመለስ ስለነበር ከሾፌሩ ጎን ተጨናንቀን ተሳፈርን። አትጠገብ እጆቿን ጭኗ መሐል ከታ መንገዱን ብቻ ታያለች። ፊቷን ሳይ ሥራው ለሷ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ፤ አባቷ እንቢ ቢሉ እንደማትፈርምም ገባኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር

የኔታ የመንደሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አቶ አለኸኝ ቆመው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ዘረዘሩ። አንዳች አልጨመሩብኝም፤ አንዳች አልቀነሱልኝም። የኔታ ሰምተው ሲያበቁ ቀጣሪው የት እንዳለ ጠየቁኝ። ጀርመን ነው አልኩ።

«ራቅ ያለ ባለጉዳይ ወኪል ይልካል፤ ወኪል ደግሞ ዋስ ይጠራል» አሉ። «እንግዲህ ጥሪ።»

የድርጅታችንን ስም ጠራሁ።

«ቢሮማ አንገት የለውም፣ ልጄ። ዋስ አንገት ያለው ሰው ነው።»

ዞር ብል የማውቀው ሰው የለም። ስለዚህ ራሴን ጠራሁ። ሰናይት እባላለሁ፣ ቤቴ ጉለሌ ነው፣ ይህች ልጅ ደመወዟ ቢቀር ወይም ከውሏ ውጭ ብትታዘዝ እዚሁ ጥድ ሥር መጥቼ እጠየቃለሁ አልኩ። የቢሯችን ጠበቃ ቢሰማኝ ራሱን ይስት ነበር። እኔ ግን ቃሌን ከልቤ ሰጠሁ፤ ስንት ውል ፈርሜ እንዲህ የከበደኝ የለም።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨረስን ስል ወደ አትጠገብ ዞሩ።

«ዋስ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። እነዚያም ሰዎች ዐይተዋት ለማያውቋት ልጅ ሥራቸውን አምነው ይሰጣሉ። አንችስ ዋስ ማን አለሽ?»

አትጠገብ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«አለኸኝ» አለች።

እዚያ አገር ልጅ አባቱን በስሙ አይጠራም። አትጠገብ አባቷን ከአንቱ ሌላ ብላቸው አታውቅም። እንዲህ ያለውን ቃል በአንተ አድርጋ ፊት ለፊት ልትነግራቸው ብትፈልግ ሌላ በር አልነበራትም፤ በስማቸው በኩል ገባች። የኔታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተቀብያለሁ» አሉ፣ «ሰሙንም ወርቁንም።»

አቶ አለኸኝ ፊታቸውን ወደ ጥዱ አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተመልሰው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት፤ ምርቃቱ ረጅም ስለነበር መጨረሻው ላይ እኔንም ጨምረው አሜን አስባሉኝ። «ትፈርም» አሉ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሰጠኋት፤ በጣቷ መስተዋቱ ላይ ፈረመች። ይህን ሲያዩ አባቷ አላለፉንም። «እኔ በጣቴ የምፈርመው ባለመማሬ ነው። አንች ይህን ሁሉ ተምረሽ፣ አንችም በጣት?» አሉ። የኔታ ሳቃቸውን ለቀቁት። አትጠገብም ከቡሬ ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ በሳቅ አወጣችው።

ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ነበር። አራታችንም ወጣን፤ የኔታ በመቋሚያቸው እየተደገፉ። ውሉ ተላከ። ብዙ ሳይቆይ መልሱ መጣ፤ ደርሶናል፣ ሰኞ እንገናኝ ይላል። ተርጉሜ ሳነብላቸው አቶ አለኸኝ ድጋሚ አስነበቡኝ።

መልስ

ቅዳሜ ስመለስ እናቷ የሰጡኝ በርበሬ እግሬ ሥር ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ እያስነጠሰ ዓባይን ተሻገረ፤ ሰው ሁሉ በክፉ ዐይኑ አየኝ። ቤቴ ስገባ እናቴ ሚዜነቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ሚዜነቱ ቀርቶ ዋስ ሆኜ መምጣቴን ነገርኳት። ቀለል አድርጋ አላየችውም፤ «እንግዲህ ጠብቂያት» አለችኝ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ለዓመታት ሥራዬን ወረቀት ማሟላት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ሕጉ አሠሪ የሚለውን የማንኩሳ ሰው ዋስ ይለዋል፤ በሩቅ ላለ ሰው አንገትን መስጠት። ሥራዬን ከዚያ ወዲህ በኩራት እናገረዋለሁ፤ ለመናገርም አጭር ሆኖልኛል፦ ዋስ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት የትውውቅ ስብሰባው ላይ ከአዲስ አበባ በኮምፒውተሬ ገባሁ። አትጠገብ ከጠረጴዛዋ፣ አባቷ ደግሞ ልጃቸው ሥራ ስትገባ ለማየት ፍኖተ ሰላም መጥተው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከኋላዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርመናዊው አለቃ ሁሉም መገኘቱን ለማረጋገጥ ስም መጥራት ጀመረ። የነሱ ልማድ ሴቷን «ፍራው»፣ እንደኛ ወይዘሮ እንደማለት፣ ብሎ በቤተሰብ ስም መጥራት ነው። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ ያለው የአባት ስም እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቀድሜ እጽፍላቸዋለሁ። በዚያ ጥድፊያ ግን አልጻፍኩም። አንዱን ጠራ፣ ሌላዋን ጠራ፣ ከዚያ ወረቀቱን ጠጋ ብሎ ዐይቶ ምላሱ እየተሳሰረ፣

«ፍራው… አለኸኝ?» አለ።

አትጠገብ አፏን ከመክፈቷ በፊት አባቷ ከአልጋው ተነሥተው ቆሙ። በማኅበርም በቀበሌም ስማቸው ሲጠራ እንደሚያደርጉት ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አለሁ» አሉ።