አምስት ደቂቃ ሲቀረው

ጨዋታው አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተነስቼ ሄድኩ። ይህን ራሴ የማወራው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያወራብኝ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድኖች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ውድድር ነበር። እኔ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከደሴ የስፖርት ዜና እልካለሁ። ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ የሚከፈለኝ በወጣልኝ ጽሑፍ ልክ ነው። የአንዱ ጽሑፍ ክፍያ ፒያሳ ላይ ሁለት ሰው ምሳ ቢጋበዝበት ለሻይ አይተርፍም። የትራንስፖርት ይተካልኝ ስል ደግሞ "ደረሰኝ አምጪ" ይሉኛል። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ደረሰኝ ሲሰጥ ያየ ካለ ይንገረኝ። አንድ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ ረዳቱን ጠይቄው፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሐረጎን ዳገት እስክንጨርስ ሳቀብኝ።

ስለዚህ እኛ ዘጋቢዎች ዘዴ አበጀን። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ዋጋው እጥፍ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ከእረፍት በኋላ ሜዳው ዳር ተቀምጠን በስልካችን ጽሑፉን እንጀምራለን። ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መደምደሚያውን ጽፈን ወደ መናኸሪያ እንሮጣለን። ከዚያ ሜዳ ለቀረ ሰው ደውለን ውጤቱን እናጣራለን። ያን ቀን ግን አልደወልኩም። ሰማንያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ያልሠሩ ሰዎች በአምስት ደቂቃ ምን ያመጣሉ ብዬ "ያለ ግብ ተለያዩ" የሚለውን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ላክሁት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ተይዞ ነበር። ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ፋብሪካ አስተዳዳሪ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ እንድሆንላቸው ጠይቀውኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ መልስ እንድሰጥ ቀጥረውኛል። ቋሚ ደመወዝ አለው፣ ሰርቪስ አለው፣ ሕክምና አለው። ደጋን ከተማ ያለው አባቴ ይህን ሲሰማ በስልክ ዱዓ አደረገ። "ይኸው አላህ በር ከፈተልሽ። ሰው ኳስ ሲራገጥ እያዩ መጻፍ ምኑ ነው ሥራው?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ወደ ፋብሪካው ሄዷል። ከእኔ በፊት የነበረው ዘጋቢ ዛሬ ሲሚንቶ ይነግዳል፤ ከእሱ በፊት የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ ዘመዶቹ እፎይ ብለዋል። በእኛ ሙያ እድገት የሚባለው መልቀቅ ነው።

ጋዜጣው ደሴ በገባ በማግስቱ፣ ፒያሳ ከምቀመጥበት ካፌ አንድ ሰው መጣ። ጋዜጣ አዟሪው ነው እኔን በጣቱ ያሳየው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ከሲታ፣ የፋብሪካ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ፊቱን ሳየው አወቅሁት፤ የዚያ ጨዋታ ቀኝ ተከላካይ ነበር። ሦስት ጋዜጣ አጥፎ ብብቱ ሥር ይዟል።

"አሰላሙ አለይኩም እህቴ። የኳሱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?"

"ወአለይኩም ሰላም። እኔ ነኝ።"

"ያለ ግብ ተለያዩ ብለሻል።"

"አዎ።"

"ወላሂ አስገብቻለሁ" አለኝ። ድምፁን እንኳ አላነሳም። "በባከነ ሰዓት። ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ነች፣ በቴስታ ገጨኋት። ሰው ሁሉ አይቷል። አንቺ አላየሽም እንዴ?"

ልዋሽ አሰብኩ። ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበረች ልል፣ ስህተቱ የማተሚያ ቤት ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሄጄ ነበር" አልኩት። "መኪና እንዳያመልጠኝ።"

ጋዜጦቹን ከብብቱ ሥር አወጣ። "እኔ የሌሊት ፈረቃ አድሬ፣ ሳልተኛ ነው የገባሁት። በስምንት ዓመት አንድ ጎል ነች ያለችኝ። ቦሩ ሜዳ ላለችው እናቴ ጎረቤት ያንብብላት ብዬ፣ ሳላየው ነው ሦስት የገዛሁት" አለ። ከዚያ አንዱን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። ሻዬን መጨረስ አቃተኝ። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ወዲያው ለአዘጋጁ ደወልኩና ማረሚያ ይውጣ አልኩት።

"የፋብሪካ ጨዋታ ነው እኮ! ማን ያስታውሰዋል? ገጹም ሞልቷል" አለኝ።

ገጹ በምን እንደሞላ አውቃለሁ። የእንግሊዝ አጥቂ ጉልበቱን አመመው ተብሎ ከኢንተርኔት ተገልብጦ ግማሽ ገጽ ይሰጠዋል። ለኮምቦልቻ ጎል ሁለት መስመር ታጣ። ካልወጣ ከእኔ ሌላ ጽሑፍ እንዳይጠብቅ ነገርኩት።

"አንቺ ልጅ፣ በምንከፍልሽ ክፍያ ይህን ያህል መንገብገብ ምን ይሉታል? ሌላ ሥራ ብትፈልጊ ይሻልሻል" አለኝና ሳቀ።

ያናደደኝ ሳቁ አይደለም። ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩትን ነገር ከእሱ አፍ መስማቴ ነው። በሚከፍሉኝ ልክ እሠራለሁ እል ነበር። በሚከፍሉኝ ልክ ከሠራሁማ የመጀመሪያውን አጋማሽም ማየት አልነበረብኝም! እነሱ ክፍያዬን ሲያሳንሱ ዝም አልኩ፤ ሥራዬን ያሳነስኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ። እሱን ማንም አላዘዘኝም።

ማረሚያውን በራሴ እጅ ጻፍኩት። ጎሉ እንዴት እንደገባ፣ ማን እንዳስገባው፣ በመጨረሻም "ስህተቱ የዘጋቢዋ ነው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ሜዳውን ለቃ ነበር" ብዬ ጨመርኩበት። አዘጋጁ ደውሎ በራስሽ ላይ ሰው ልታስቂ ነው ወይ አለኝ። ይሳቁ፣ ብቻ አንድ ቃል አትቀንስ አልኩት። ስንጨቃጨቅ ቆይተን፣ ማረሚያዋ በሚቀጥለው እትም ከእንግሊዙ ጉልበት ሥር ወጣች። አብረውኝ ወደ መናኸሪያ የሚሮጡት ዘጋቢዎች ግን ተኮሳተሩብኝ። ሁላችንንም አጋለጥሽን አሉኝ። አዎ፣ አጋለጥኩ።

የቀጠሮዬ ሰኞ ኮምቦልቻ ወርጄ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ። "ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው። ደመወዙ አነሰሽ ወይ ሲሉኝ ሳቄ መጣ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደመወዝ አልቆጠርኩም። የአባቴ ግን አላሳቀኝም። ያንኑ ዕለት ደውዬ ነገርኩት።

"ወላሂ ግትር ነሽ። ቁርጥ እናትሽን" አለኝ። ተቆጥቶኝ ይሁን አመስግኖኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ድህነት ክብር ነው የሚል ሰው አጠገቤ አይድረስ። ክፍያው ይጨመር ማለቴን አልተውኩም፤ ስለ ደረሰኙም በየወሩ እጽፍላቸዋለሁ። መልስ የለም፣ እኔም አልደከመኝም። ሥራዬን ጥዬ የምሄደው እኔ ስፈልግ እንጂ እነሱ በረሃብ ሲያባርሩኝ አይደለም።

በሳምንቱ መጨረሻ ያው ቡድን ሲጫወት ያው ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዘጋቢዎቹ ተነሱ። አንዱ የኩርፊያውን ነገር ረስቶ "አትነሺም?" አለኝ።

"አልነሳም።"

የቀረው ጊዜ አሰልቺ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ደክሟቸው ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ ሲያንገላቱ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ቀኝ ተከላካዩ ማልያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

"ዛሬስ አየሽ?"

"አየሁ። ምንም አላስገባህም።"

ከልቡ ሳቀ። እኔ መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ እጥፍ አስከፈለኝ፤ ደረሰኝም አልሰጠኝ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና "ያለ ግብ ተለያዩ" ብዬ ጻፍኩ። ያው ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን ግን እዚያ ነበርኩ።