ድምፅ የተሰጠበት መስኮት

ስለዚያ ዘመን ለረጅም ጊዜ አልጻፍኩም። ሳላመነታ የምጽፈው አንድ ነገር ቢኖር የመስኮቱ ጉዳይ ነው።

ድርቁ በበረታበት፣ አብዮቱም ገና ትኩስ በነበረበት ወቅት መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ጸሐፊ ነበርኩ። የወረፋ ጠባቂዎች ማረፊያ አንድ ክፍል፣ መስኮቱም አንድ ነበር። ከየገጠሩ የተጎሳቆለው ሰው ሁሉ እዚያው ተፋፍጎ ይጠብቃል። ከመካከላቸው የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ለመወጋት በየቀኑ የሚመላለሱ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ የሦስት ወር ሴት ልጅ ያቀፈች እናት ከጎናቸው ተቀመጠች። በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ አንብቤ ነበርና ለሕፃኗ ፈርቼ መስኮቱን ከፈትኩት። ካርድ ይዤ ስመለስ ተዘግቷል። ደግሜ ከፈትኩ፤ ደግሞ ተዘጋ።

በሦስተኛው ዘጊውን ደረስኩበት። መርፌ የሚወጉትና ቁስል የሚያክሙት ዋናው ድሬሰራችን ነበሩ፤ ሰኞ ሰኞ ስለ ሳል መተላለፍ በሽተኛውን የሚያስተምሩት፣ ጋቢያቸውን ከነጭ ጋዋናቸው በላይ ደርበው።

«ጋሼ፣ ትናንት ያስተማሩትስ?»

«ትምህርቱ ልክ ነው። የመካነ ሰላም ብርድ ግን ትምህርት ቤት አልገባም።»

ክርክሩ ሲጠና ድሬሰሩ እንደ ጊዜው ልማድ በድምፅ ይወሰን አሉ። «ይዘጋ የሚል እጁን ያውጣ።»

እናቲቱ ልጇን ወደ ግራ ክንዷ አዛውራ ቀኟን አወጣች።

«አንቺም?» አልኳት።

«ብርድ ይምታብኝ እንዴ ልጄን?»

መስኮቱ ተሸነፈ። ከእኔ ሌላ እጃቸውን ያላወጡት አዛውንቱ ብቻ ነበሩ፤ በሁለት እጃቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ያስሉ ነበር። ሳሉ ሲተዋቸው፣ «አብሽሩ፣ አትጣሉ» አሉ። «ሳሉ የእኔ ነው፤ እኔ ልውጣ። ይቺ እንቦቀቅላ በሽታዬን ይዛብኝ እንዳትሄድ።»

በትራቸውን ተመርኩዘው ወጡና ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

እናቲቱ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ «አባባ፣ ይሞቃል?» አለች።

«ጀርባዬን ሊልጠው ነው።»

ተከትላቸው ስትወጣ ትንፋሻቸው እንዳይደርስባት በበትራቸው ነፋሱ የሚመጣበትን የግድግዳውን ጫፍ አሳዩዋት፤ እዚያ ርቃ ተቀመጠች። ሌላውም አንድ በአንድ ወጣ። በተዘጋው ክፍል ድሬሰሩ ብቻቸውን ቀሩ። ጥቂት ቆይተው ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ።

«መስኮቱስ፣ ጋሼ?»

«ውሳኔ ተከብሯል፤ ዝግ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የሰኞው ትምህርት ፀሐይ ላይ ሆነ፤ ሰዉም ሳይንቀጠቀጥ ያዳምጥና ይጠይቅ ጀመር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ወደ ክፍሉ ሲመልሰን ድሬሰሩ ሁለተኛ ድምፅ አሰጡ። አዛውንቱ ቦታቸውን ከመስኮቱ ሥር አስቀድመው ይዘዋል። ይከፈት ሲባል መጀመሪያ የወጣው የእናቲቱ እጅ ነበር። ልጅቷ ወፍራ፣ ጤነኛ ሆና፣ እጁን ካልያዝኩ እያለች የእናቷን ክንድ ወደ ታች ትጎትት ነበር። ድሬሰሩ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው መስኮቱን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።