እጅሽ ይመሰክራል?

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሞምባሳ፣ የጎረቤቴ ልጅ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ ሽታው እስከ ጓዳ ገባ። ቀለሙ ውሃ ያግዳልና እኔ ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበት፣ ስል የጥፍር ቀለም ተቀብቼ አላውቅም። ሽታውን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሃያ ዓመቴ፣ አቃቂ ሳለሁ፣ አንድ ብልቃጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሴ አይጠፋም ነበር። እናቴ ልብስ ስታጥብ አግኝታው ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ለብሎን ነው ብላት ማን ይመነኝ።

የእውነትም ለብሎን ነበር። አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ክፍል ለሙከራ ተቀጥሬያለሁ። እሑድ ማሽኖቹ ሲቆሙ መብራቱ ይጠፋና የማከፋፈያ ሳጥኖቹን ከፍተን ኬብል የያዘውን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ እናጠብቃለን። ማሽን ሲንቀጠቀጥ ብሎን ይላላል፤ የላላ ይግላል፤ የጋለ ያቃጥላል። የጠበቀው ላይ፣ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ይሰመራል። ብሎኑ ዞሮ ከሆነ መስመሩ ይሰበራልና በሚቀጥለው ፍተሻ ያስታውቃል።

የማልረሳው እሑድ ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። ከሰፈሬ ከበሰቃ ስመጣ መንገድ ዳር አንድ እስር የሽምብራ እሸት ገዝቼ እየፈለፈልኩ ነው የደረስኩት፤ ጣቴ ኮምጠጥ ይል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሳጥን ለብቻዬ ሰጡኝ። ሌሎቹ ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፤ ቱታ የሚሰጠው ለተቀጠረ ሰው ነው። እኔ የወንድሜን አሮጌ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

«ኡስታዛ፣» አለኝ ደረጀ፣ የዘወትር ለካፊዬ፣ «በዱዓ ነው በመፍቻ የምታጠብቂው?»

«በሁለቱም። አንተ ግን በወሬ።»

መጨረሻ የቀሩኝ ሦስት ወፋፍራም ኬብሎች ነበሩ። ብሩሹ ላይ የተረፈው ቀለም እንዳይደርቅ ብዬ ቀድሜ ሦስቱንም አሰመርኳቸው። አሁን አጠብቃቸዋለሁ ስል አንድ ጠብታ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ወደቀ፤ የዙሁር አዛንም ተሰማ። ጥፍሬን በምላጭ ፍቄ፣ ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ ተመለስኩ። ሦስት ቀይ መስመር አየሁና ሳጥኑን ዘጋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛው ሠራተኛ ሥራ ሊገባ በር ላይ ተሰብስቦ ይንጫጫል። ጋሽ ታደሰ ዋናውን ማብሪያ ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ተራ በተራ ጠየቁ።

«ደረጀ፣ እጅህ ይመሰክራል?»

«ይመሰክራል።»

«አንቺስ ዘሀራ፣ እጅሽ ይመሰክራል?»

ለመመለስ አፌን ስከፍት ዓይኔ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ጥፍሬ ሥር ቀይ ክር ቀርቷል። በቂያማ ቀን አፍ ተዘግቶ እጅ እንደሚናገር ቁርአን ቤት ተምሬአለሁ። ብናገር ሥራዬ አለቀ። ዝም ብል ደግሞ የሳቸው እጅ ማብሪያው ላይ ነው።

«አይመሰክርም፣ ጋሼ» አልኩ። «ይቆዩኝ። ቀለሙን አስቀድሜያለሁ።»

ደረጀ ሳቀ። ጋሽ ታደሰ ግን እጃቸውን ከማብሪያው ላይ ቀስ ብለው አነሱና «ክፈችው» አሉኝ። ሁሉም ከበቡኝ። አንደኛው ብሎን ከድሮው እንደጠበቀ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው መፍቻውን ሳሳርፍበት ግማሽ ዙር ሄደ፤ ያሰመርኩት ቀይ መስመር ለሁለት ተሰበረ። ደረጀ ሳቁን ዋጠ።

አጠብቄ፣ ጎትቼ፣ ደግሜ ጎትቼ፣ ከዚያ አሰመርኩ። መብራቱ ሲመጣ አዳራሹ ሙሉ ማሽን ባንድ ጊዜ አጉረመረመ። እግሬ ከመሬት የተነሣ መሰለኝ። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን እየደረቡ፣ ሳያዩኝ፣ «ነገ ጠዋት ዕቃ ግምጃ ቤት ሂጂና ለቱታ ተለኪ» አሉ።

ሰው የሚዋሸው ሁልጊዜ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን እያስቀደመ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አስቀድሜ አሰምሬ ይሆን፣ አላህ ያውቃል።

«እማማ፣ አንድ ጥፍርሽን ልቀባልሽ» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ። ብሩሹን ተቀበልኳት። በሩ አጠገብ ትናንት የተቀየረ ሶኬት አለ። «ቆይ» ብያት ብሬከሩን አወረድኩ፤ ካቻቢቴ ፈልጌ ብሎኑን አጠበቅኩ። ከዚያ ቀይ መስመር አሰመርኩበት። ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እጄ ግን ይመሰክራል።