ጣውንቴ ካራቴ

ባሌን ያገባሁት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ለማስተማር በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ድንጋይ እያጠና ካርታ እንዲሠራ መንግሥት የላከው ጂኦሎጂስት። ያን ጊዜ መርሐቤቴ ውስጥ ጂኦሎጂስት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ «ድንጋይ ሰባሪው» ነበር የሚሉት። መዶሻውን ይዞ፣ ስንቁን በበቅሎ ጭኖ ገደሉን ይወርዳል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይከርምና ፊቱ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በከረጢት ድንጋይ አስጭኖ ይመለሳል። አልጋችን ሥር ከጫማ ይልቅ ድንጋይ ይበዛ ነበር።

ሳንጋባ ስለ ድንጋዩ ያልነገረኝ ነገር የለም። ከላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ እንደተፋው፣ ከሥሩ አሸዋማው ድንጋይ እንዳለ፣ ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ ኖራና ጄሶ እንደሚገኝ፣ አገሩ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል እንደነበረ፣ ሁሉንም። ስለ ካራቴው ግን የነገረኝ እንዲያው በአፉ ጫፍ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ስፖርት እሠራለሁ» አለኝ።

እኔም ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው አልኩ።

በሠርጋችን ማግስት ጎህ ሲቀድ ስነቃ አጠገቤ የለም። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ጓሮ፣ ውርጩ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ቆሟል። እጁን ከጎኑ አድርጎ ማንም ለሌለበት አጥር እጅ ነሳ። ከዚያ ቡጢውን ሰነዘረ፤ ዞረ፤ እግሩን አነሳ፤ እንደገና ዞረ። ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። በመሐል ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። አየኝ ብዬ ፈገግ አልኩ። ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ ምንም እንዳላየ አለፈ። የአንድ ቀን ሙሽራ ነበርኩ። ቅናት እንዲህ በጠዋት፣ ያውም ባዶ ጓሮ ውስጥ ይይዘኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቤቱ ባለቤት አሮጊት አጥር ለአጥር ሲያዩት ኖሮ፣ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ባልሽ ከማን ጋር ነው የተጣላው?»

«ስፖርት ነው፣ እትዬ።»

«ስፖርትማ ኳስ አለው። ይሄ ሰው የሚማታው የማይታይ ነገር ነው። ሳይብስበት ጠበል ውሰጂው።»

ሳቅሁ። ጠበል የሚያስለቅቀው ነገር ቢሆንማ ዕለቱን እወስደው ነበር።

ካራቴውን የጀመረው አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለ ነው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ጃፓናዊ ነበረ፤ ማታ ማታ በግቢው ጥቂት ወጣቶችን ያስተምራል። ባሌ አንድ ጊዜ በጓደኛ ተጎትቶ ሄዶ ከዚያ ወዲያ አልቀረም። ገደል ውስጥ ሲከርም እንኳ ድንኳኑ ፊት ሳይሠራ እንደማይውል በቅሎ ነጂዎቹ ይነግሩኝ ነበር። «መምህርት፣ ዛሬም ድንጋዩን ሳይሆን አየሩን ደበደበው» እያሉ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔን ትቶኝ ሲሄድ ያንን ግን ይዞት ይሄዳል።

በየጊዜው የሰበሰበውን ድንጋይ ለማስረከብ አዲስ አበባ ይሄዳል። ማስረከቡ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እሱ ግን ሳምንት ይቆያል። ለምን ስለው ጃፓናዊው ጋ እንደሚሄድ ይነግረኛል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ አላረፉም። «አንቺ ጃፓን ጃፓን ትያለሽ፤ ጃፓኗ ቀሚስ እንዳትለብስ!» ይሉኛል። አንድ የእረፍት ጊዜ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ይከለክለኛል ብዬ ስጠብቅ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

በጭነት መኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን አቧራ እየጠጣን ገባን። ማታውን ወደ ጃፓናዊው ግቢ ወሰደኝ። ቀሚስ የለበሰ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ነው፤ አጭር፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ። ስድስት ሰባት ወጣቶች ተሰልፈዋል። እኔ በርጩማ ተሰጠኝና ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ።

ባሌ መርሐቤቴ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። ዳኛው ተነስቶ ያስቀምጠዋል። እዚያ ግን ተንበርክኮ እጅ ነስቶ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጥግ ቆመ። ቡጢ ሲሰነዝር ሽማግሌው መጥቶ ክርኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረገለት። ደገመው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። አሥር ጊዜ ደገመው። በመጨረሻ ሽማግሌው «እ!» አለ፤ እንዲያው «እ!» ብቻ። ባሌ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። ስንታጭም፣ ስንጋባም እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ሲጨርሱ ሽማግሌው መጥቶ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ባልሽ ጎበዝ። ግን ትከሻ ድንጋይ!» አለኝና የራሱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሁሉም ሳቁ። ከእኔ በቀር።

ሴት ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። እሷን እሰድባለሁ፤ እሱን አኮርፋለሁ፤ ሽማግሌ እሰበስባለሁ። አንድ «እ!» የምትል ድምፅ ላይ ምን ይደረጋል?

ስንመለስ፣ መኪናው ቁልቁለቱን እያቃሰተ ሲወርድ ጠየቅሁት።

«ያንን ነገር ተው ብልህስ?»

«የትኛውን?»

«ታውቀዋለህ።»

መኪናው ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ፣ «ጠዋት ሳልሠራ ከዋልኩ ቀኑን ሙሉ የሰው ጫማ ያደረግሁ ይመስለኛል» አለኝ።

«ገደል ውስጥ ሁለት ሳምንት እኔን ሳታየኝ ስትከርምስ? የማን ጫማ ታደርጋለህ?»

«እሱማ…» አለና ቆመ። ቀጣዩን ቃል ሲፈልግ ዓለም ከተማ ገባን።

በፋሲካ ወላጆቹን ልንጠይቅ መንዝ ሄድን። ቤታቸው ከዘመሮ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አባቱ ቄስ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ። «ተው» ሲለው የሚሰማው ሰው ካለ እሳቸው ናቸው ብዬ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። የደረስን ዕለት እንግዳው ሲበተን ጠብቄ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ለባዕድ ነገር እጅ ይነሳል። ሰው ጋኔን አለበት እያለ ነው።»

ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በርኖሳቸውን ደርበው ወጡ። ተከተልኳቸው። ባሌ ካቡ ሥር ቆሞ እጅ ሲነሳ ደረሱበት።

«ለማን ነው የምትሰግደው?» አሉት።

ደነገጠ። «ለማንም አይደለም፣ አባ። ትምህርቱ ሲጀመር እንዲህ ነው።»

«እንዲህ አድርግ ያለህ ማን ነው?»

«ያስተማረኝ ሰው።»

«እሱስ ለማን ይሰግዳል?»

«ላስተማረው ሰው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ላስተማረው።»

አባቱ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። እኔ ልቤ በደስታ ይመታል። በኋላ በመቋሚያቸው ፀሐይዋ የምትወጣበትን አመለከቱት።

«እንግዲያው ወደ ምሥራቅ ዞረህ አድርገው። ለማን እንደሚደርስ እኔ አውቃለሁ።»

ይህን ብለው ካቡ ላይ ተቀመጡና እስኪጨርስ አዩት። ጉልበቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ «እንዲህ ነው፣ መሬቱን ያዘው!» ሲሉ ሰማኋቸው። ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ለተከሳሹ ተመልካች ጨመርኩለት።

እናቱ በረት በራፍ ተቀምጠው የበግ ጸጉር ይፈትላሉ። ፊቴን አይተው ጠሩኝ።

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ?»

«ምንም።»

«ምንምስ አይደለም። ቀንተሻል።»

አፈርኩ። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ቀጠሉ።

«ቄሱን ሳገባ ማኅሌት አለ ብሎ ማን ነገረኝ? ቅዳሜ ማታ ይወጣል፤ እሑድ ረፋድ ይመጣል። ስንት ሰዓት ቆሞ አድሮ ድካም የለበትም። ፊቱ ይበራል። እኔ ጋ ሲቀመጥ ያዛጋል።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ቀናሁ።»

«እስከ መቼ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁንም እቀናለሁ እንጂ» አሉ፤ ክሩን ጎተቱ።

ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላጽናኑኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ብቻዬን መሆኔ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ባሌ ጀማ ውስጥ ከኖራው ገደል ወደቀ። በዝናብ የላላ ድንጋይ እግሩ ሥር ከዳው። በቅሎ ነጂዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፤ ቅልጥሙ ተሰብሯል። አዲስ አበባ ተወስዶ ሐኪሞቹ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጄሶ አድርገውለት ተመለሰ። «ስፈልገው የኖርኩት ጄሶ እግሬ ላይ መጣ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ፈርቼ ነበር፤ አልቅሼም ነበር። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ባሌ ቤት ውስጥ ነው። ገደል የለም፤ ጓሮ የለም፤ አዲስ አበባ የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የትም ሳይሄድ አገኘዋለሁ። የተማሪዎቼን ደብተር አብሮኝ ያርማል። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን አጠቁራለሁ።

አንድ ጠዋት ቀድሜው ነቃሁ። በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሏል። እናቱ ከፈተሉት የበግ ጸጉር የተሠራው ብርድ ልብስ፣ ዝተቱ፣ ደረቱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝተቱ ሥር እጆቹ ይሠራሉ፤ ይዘረጋሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። ትንፋሹ እንደ ጓሮው ትንፋሽ ነው። ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ጥሎኝ ሄዷል።

«የት ነህ?» አልኩት።

«እዚሁ ነኝ።»

«አይደለህም።»

እጆቹ ቆሙ። «እሺ፣ እተወዋለሁ» አለ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ! ተወውም፤ የምሩን ነው። ጠዋት ሲነቃ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ጣራ ያያል። ደብተር ሲያርም ስህተቱን ያልፈዋል። ድንጋዮቹን ላምጣልህ ስለው «ይደርሳል» ይለኛል። ከእኔ ጋር እየዋለ እየሳሳ ሄደ። ባል ተመለሰልኝ ብዬ ሳይ የተመለሰልኝ ግማሹ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ወንበር ጓሮ አውጥቼ ቀሰቀስኩት።

«ተነስ። ውጭ ሆነህ ሥራው።»

«ምን ነካሽ?»

«ቢያንስ አልጋዬ ለእኔ ይቅርልኝ።»

ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እያነከሰ ወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጄሶ ያለበትን እግር ዘርግቶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እጅ ነሳ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከውስጥ ሆኜ ትንፋሹን ስሰማ እንደገና ቀናሁ፤ ግን እኔ ነኝ ያወጣሁት።

እግሩ ትንሽ አጥሮ ዳነ። ገደል ይቅርብህ ቢሉት አልሰማም፤ ጀማን ጨርሶ ወደ ግሼ ተሻገረ፤ ከራቤል ማዶ ያለውን ተራራ ያጠና ጀመር። ካራቴውንም እያነከሰ ቀጠለ። ጃፓናዊው አገሩ ከመግባቱ በፊት ጥቁር ቀበቶ አሰረለት። ባሌ ቤት የተመለሰ ዕለት ማታ ቀበቶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ፤ እኔ እራት አቅርቤ ሁለት ጊዜ ጠራሁት።

ሴት ልጅ ወለድን። ልጅ ከመጣ ይቀንሳል ያሉኝ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሞላት አንድ ጠዋት ስነቃ አልጋው ላይ እኔ ብቻ ነኝ። በመስኮት ሳይ ጓሮ ውስጥ ሁለት ሆነዋል። እሷ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከአባቷ ጎን ቆማ እጅ ትነሳለች። እሱ ሲዞር ትዞራለች፤ ትወድቃለች፤ ትነሳለች። ጎንበስ ብሎ ክርኗን በአንድ ጣት ገፋ አደረገላት።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። «ኧረ ብርድ ነው! ነይ ግቢ፣ ልጄ» አልኳት።

ሳትዞር፣ በአባቷ ቃና፣ «እማዬ፣ አታውሪ። እየሠራን ነው» አለችኝ።

እሱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። ያን ቀን ለሁለቱም ቁርስ ሳላቀርብ ትምህርት ቤት ሄድኩ።