ጋሽ ሙሄ ያላጠቡት ጠረጴዛ

ትናንት ከሰዓት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማለፌን ላበስር ጋሽ ሙሄ ሱቅ ሄድኩ... ሌላ ፈተና ጠበቀኝ።

ጋሽ ሙሄ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሪያድ ከተመለስኩ ጀምሮ እሳቸው ጋ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነው የምውለው። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ መጥቼ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨረስኩ፤ አምና ተፈተንኩና ወደቅኩ። አባቴን «አንድ ጊዜ ልድገም፣ ካልሆነ ተመልሼ እሄዳለሁ» አልኩት። መመለስ ማለት ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ሥራ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ። ማንበብ እንኳ አይደለም... በሃይላይተር መቀባት ነው። ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ። ደብተሬ የሙሽራ መኪና መስሎ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ሙሄ ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩኝ ቆዩና ደብተሩን ከእጄ ወስደው ወንበራቸው ላይ አድርገው ተቀመጡበት።

«በይ ንገሪኝ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ጧት ሙሉ ያነበብሽውን ነዋ!»

ደም ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ነበር ያነበብኩት። «ልብ አራት ክፍል አላት...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ባዶ። ቀለሙ ይታየኛል፣ የተጻፈው ግን የለም።

«የተማረ ይግደለኝ ይላሉ፤ አንቺ መቼም ማንንም አትገይም» ብለው ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አምና ለምን እንደወደቅኩ ያኔ ነው የገባኝ።

«አይዞሽ ልጄ። ዓይንሽ ለምዶታል እንጂ አንቺ አላወቅሽውም» አሉኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ቁርዓን መቅራት የተማሩት በእንጨት ሰሌዳ፣ በሉህ ነው። የዕለቱን ይጽፋሉ፤ ሼሁ ፊት በቃላቸው ካላሉት ሉሁ አይታጠብም። ካልታጠበ ደግሞ አዲስ አይጻፍበትም።

«እኔ ታዲያ ሉህ ከየት ላምጣ?»

ጠመኔ ሰጡኝ። ጨርቅ ከሚቆርጡበት ጥቁር ጠረጴዛም ግማሹን ለቀቁልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬን ዘግቼ ያስታወስኩትን ጠረጴዛው ላይ እጽፋለሁ፤ የጎደለውን ከደብተሩ እሞላለሁ። ከዚያ ለጠረጴዛው ጀርባዬን ሰጥቼ ለጋሽ ሙሄ እነግራቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ስጀምር «እኔ እንግሊዝ ነኝ? በእናትሽ አፍ ንገሪኝ!» ይላሉ። የሚያስቸግረው እሱ ነበር... ያልገባኝን ነገር በአማርኛ መናገር አቃተኝ። ነገሩ ካልገባቸው ጠረጴዛውን የማጥብበትን እርጥብ ጨርቅ አይሰጡኝም። ቅዳሜ ደግሞ የታጠበውንም ይጠይቃሉ። የደንበኛ ሱሪ እየለኩ «የማክሰኞዋስ?» ይሉኛል።

የመጨረሻው ቀን ስለ ኩላሊት ጻፍኩ። የምፈተነው ሌላ ከተማ ስለነበር መኪናው ሊሄድ ነው ሲባል የጻፍኩትን በቃሌ ሳልነግራቸው ሮጥኩ። ከፈተናው በኋላም በዚያው ወደ ጋፋት፣ ወላጆቼ ጋ ሄጄ ክረምቱን አረም ሳርም ቆየሁ።

ትናንት «ጋሼ፣ አለፍኩ!» ስላቸው «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልስማቸው ስጠጋ በእጃቸው አስቆሙኝና ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙኝ።

ኩላሊቱ እንደተጻፈ አለ። ጠመኔው ደብዝዟል... ግን አልተነካም። ክረምቱን ሙሉ በግማሽ ጠረጴዛ ጨርቅ ሲቆርጡ ከርመዋል። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጎ የጠበቀኝ ሰው አላስታውስም።

«ሳትነግሪኝ ነው የሄድሽው። ሳትነግሪኝ አይታጠብም» አሉኝ።

ጀርባዬን ሰጥቼ ጀመርኩ... እኩሌታው ላይ ስደርስ ጠፋኝ።

ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። «ነገ ነይ።»

መንግሥት አሳልፎኛል፤ ጋሽ ሙሄ ግን ገና አላሳለፉኝም። ዛሬ ከሰዓት ተፈታኝ ነኝ... ጸልዩልኝ።