ለአራት የተከፈለችው ፍየል

የጤና ሳይንስ መግቢያ የተማርኩት በረሃቡ ዓመታት፣ ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ፣ ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ ቤተ ሙከራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለስደተኞች የከፈተው ክፍል ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ የተግባር ፈተናውን ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ይሰናበታል። ብሰናበት የሚጠብቀኝ ሀዋታ ሄዶ ሰሊጥ ማጨድ ነበር። አንድ ወቅት አጭጃለሁ፤ መድገም አልፈለግሁም።

ለፈተናው ሁለት ፍየሎች ተገዙ። ግጦሽ ስለጠፋ ባለከብቶች ያገኙትን ዋጋ እየተቀበሉ የሚሸጡበት ጊዜ ነበር። ሁለት የሆኑት ግን ሳይንሱ ስለጠየቀ አይደለም። አራታችን ክርስቲያን፣ አራቱ ሙስሊም ነበርን፤ አንዱ ወገን ያረደውን ሌላው አይነካም። አስተማሪያችን፣ ሱዳናዊው ዶክተር፣ ይህን ያውቃል። «ማንም ይረዳት፣ ጉበቷ ያለው እዚያው ቦታ ነው» አለን።

ትእዛዙን ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ፍየሏን ክፈቱ፣ የውስጥ ክፍሎቿን ለዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ፣ መዝግቡ። ከዚያ ለቀትር ሶላት ወጣ።

በእኛ ጠረጴዛ በዕድሜ ትልቁ የቋራ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። በአገራቸው የቅርጫ ሥጋ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የሰጠንን ትንሽ ስለት አዩትና ወደ ጎን አድርገው የራሳቸውን ካራ አወጡ። ሲገፍፉና ሲበልቱ የእጃቸው ጥራት አፍ ያስከፍታል። ጉበቱ ላይ ሲደርሱ ግን ለአራት ቆረጡት።

«ጋሼ፣ ለምን ይቆርጡታል?» አልኩ።

«ጉበት ለአንድ ሰው ብቻ ሲደርስ የት አይተሃል?»

«ዶክተሩ ደርድሩ ነው ያለው።»

«እየደረደርኩ አይደል? አራት ሰው፣ አራት መደብ። እኔ ባለሁበት ማንም አይበደልም።»

መከራከር ነበረብኝ። ነገር ግን ሥጋ ከቀመስኩ ወራት አልፎኝ ነበር፤ ቀኑም ማክሰኞ ነው፣ ጾም አይደለም። የማየውን መዘገብኩ። ሳንባ፣ አራት። ጣፊያ፣ አራት።

ከዚያኛው ጠረጴዛ ገዳሪፍ ያደገች ተማሪ አንገቷን አሰገገች። የእነሱ ፍየል በሥርዓት ተደርድራ አልቃለች።

«ወላሂ፣ ፈተና ነው ወይስ ሰርግ?»

«ነይ ልጄ፣ ዕጣ ጣይልን» አሏት ጋሼ። «የማን ዕጣ የትኛው እንደሆነ የማታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ኸላስ፣ እጥላለሁ። ስትወድቁ ግን ምስክር ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።»

እርሳሴን፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠጠርና አንድ ስንጥር ተቀብላ፣ ሥጋችንን እንዳትነካ ከላይ በየመደቡ ለቀቀቻቸው። ለእኔ ሁለተኛው መደብ ደረሰኝ። ጋሼ ከየመደቡ ጥቂት ጉበትና ጨጓራ አንስተው የቤተ ሙከራው ሳህን ላይ ከተፉና የሐሞቱን ከረጢት ጨመቁበት።

ዶክተሩ የገባው ያኔ ነው። አራቱን መደቦች ቆጠረና ደብተሬን አነሳ።

«ልብ፣ አራት ክፍል። ትክክል» ብሎ አነበበ። «ጨጓራ፣ አራት ክፍል። ይህም ትክክል። ጉበት፣ አራት ክፍል።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጣፊያ፣ አራት ክፍል።»

«እኩል ናቸው፣ ዶክተር» አሉ ጋሼ።

«አያለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «የሐሞት ከረጢቱን አሳየኝ።»

ሀዋታ ታየችኝ። «ጉበቱ ላይ ነው» አልኩ።

«ቦታው ነው። የትኛው ጉበት ላይ?»

ሳህኑን አመለከትኩ። ሱዳኖችም ጥሬ ጉበት በሐሞት ይበላሉ። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ሻጣ የለውም» አለ።

«በርበሬ ከየት እናምጣ» አሉ ጋሼ።

ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ብዕሩን አወጣ። «ሐሞት የሚሠራው ማነው?»

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጥያቄ ነው፤ ከረጢቱ ይላሉ። እኔ ግን ከረጢቱ ተጨምቆ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተኮማትሮ እያየሁት ነው። ባዶ ስልቻ ነው እንጂ ሠራተኛ አይመስልም።

«ጉበት ነው የሚሠራው። ከረጢቱ ያጠራቅማል።»

«ጥቅሙስ?»

«ቅባት ይበታትናል።»

«ያጣፍጣልም» አሉ ጋሼ።

ዶክተሩ በስሜ ትይዩ «አልፏል» ብሎ ጻፈ። ሁለቱን ጓደኞቻችንንም ጠይቆ አሳለፈ። በመጨረሻ ወደ ጋሼ ዞረ።

«እጅዎ ከእኔ እጅ ይሻላል። ብቻ በሽተኛ እንዳይሰጡዎት እጸልያለሁ።»

እሳቸውም አለፉ። የሚቀጥለው ተርም የተግባር ትምህርት በእንቁራሪት ሆነ። ጋሼ በፊታችን የተቀመጠችውን እንቁራሪት ገልበጥ አድርገው አዩና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

«ይቺን ብቻህን ውሰዳት» አሉኝ።