የልጅ ልጄ የጆሮ ምርመራ

የልጅ ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት የምትናገረው ሦስት አራት ቃል ብቻ ነበር። በሁለት ዓመቷ ክፉኛ ታማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የነበሯት ቃላት እየጠፉ ሄዱ። እናቷ እዚህ አሜሪካ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ሐኪም ዘንድ የምወስዳት እኔ ነበርኩ።

ጆሮዋን የመረመሯት ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ከግድግዳው ሳጥን ድምፅ በወጣ ቁጥር የያዘችውን የእንጨት ኩብ ባልዲ ውስጥ መጣል አለባት። መርማሪዋ ከመስታወቱ ማዶ ሆና ታያለች። የመጀመሪያው ድምፅ መጣ፤ ልጅቷ ዝም። ሁለተኛውም መጣ፤ ዝም። እኔ ያደግሁት ፈተና የወደቀ ልጅ ቤቱ እንዴት እንደሚገባ እያየሁ ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ጭኔን ትንሽ ነቅነቅ አደረግሁ። ጣለች። ከዚያ በኋላ አንድም አልሳትንም። መርማሪዋ "ጉድ ጆብ!" ብላ ደረቷ ላይ ኮከብ ለጠፈችላት። ወደ ሰፈራችን ሴዳር ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጆሮዋ ደህና ነው፣ የዘገየው ንግግሯ ነው ተባለ። መናገር የሚቸግራቸውን ልጆች ወደምታማክር አንዲት ሴት ሴንት ፖል ከተማ ተላክን። ሰባት ወር ሙሉ ተመላለስን። አማካሪዋ ኳስ እያሳየች ስሙን ትደጋግማለች፤ ልጅቷ አፍ አፏን ታያለች። ቤት ስንገባ ራሷን ከግድግዳ ታጋጫለች። እኔ መሀል ላይ ትራስ እይዛለሁ።

አንድ ቀን ልጄም ፈቃድ ወስዳ አብራን መጣች። አማካሪዋ አፏን በወረቀት ሸፍና ልጅቷን በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ደግማ ጠራቻት። አሁንም እኔን አየች።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው አንቺን የምታይሽ? ትልሻለች አማካሪዋ" አለችኝ ልጄ።

"ምልክት እየጠበቀች ነው።"

"የምን ምልክት?"

በምርመራው ቀን ጭኔን እየነቀነቅሁ ኩቡን እንዳስጣልኳት ነገርኳት።

"የሚኒስትሪ ፈተና መሰለሽ እንዴ?"

"እንዳትወድቅ ብዬ ነው።"

"መውደቅ ነበረባት እኮ! እማዬ፣ መውደቅ ነበረባት!"

አማካሪዋ አንዴ እኔን አንዴ ልጄን ታያለች። ልጄ የተናገርኩትን ለመተርጎም ብዙ ቆየች። አማካሪዋ ሰምታ አልተቆጣችም። ስልኩን አነሳችና ምርመራው እንዲደገም ቀጠሮ አስያዘች። በዚህ ዕድሜ እያንዳንዱ ወር ለንግግር ትልቅ ነገር መሆኑን ግን አልደበቀችንም።

በቀጠሮው ቀን እኔ ከመስታወቱ ማዶ፣ ከመርማሪዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውስጥ ልጄ አቅፋታለች። ልጄ እንዳትንቀሳቀስ ስለተነገራት ወለሉን ታያለች። መርማሪዋ ድምፁን ለቀቀች፤ ጨመረች፤ እንደገና ጨመረች። ልጅቷ የእናቷን ፊት ፈለገች፤ ፊቷን አላገኘችም። በግምት አንድ ኩብ ጣለች፤ ያኔ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሌላ አንስታ እንደያዘች ቀረች።

በቀኝ ጆሮዋ ምንም አትሰማም፤ በግራው ጥቂት ቀርቷታል። የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳት እንደሚችል ነገሩን።

"ቃላቱ ይመለሱላት እንደሆነ ጠይቂልኝ" አልኳት ልጄን።

ጠየቀችልኝ። መርማሪዋ ወረቀቱን አይታ ትከሻዋን ሰበቀችና በአጭሩ መለሰች፤ መልሱን ልጄ አልተረጎመችልኝም። እኔም ድገሚልኝ አላልኩም።